መጥረጊያ የሚነሳበት ሰዓት

ኮልፌ ውስጥ ሰው በአውሮፕላን በሄደ ቁጥር መጥረጊያ የያዘች ሴት ጋሽ ይገዙን ፍለጋ ትወጣለች። ለእንግዳ ሰው ነገሩ ግራ ነው፤ ለሠፈሩ ግን የተለመደ ነው። መንገደኛ ካሰበበት ሳይገባ ቤት አይጠረግም። የጠረገች እንደሆነ መንገዱንም አብራ ትጠርገዋለች፤ የሄደው ሰው መመለሻ ያጣል ይባላል። ጎጃም በበቅሎ በሚኬድበት ዘመን ቤቱ ጉድፉን ታቅፎ ሳምንታት ይከርም ነበር። አውቶቡስ ሲመጣ ነገሩ ወደ ሁለት ቀን ወረደ። አውሮፕላን ሲመጣ ግን ሴቶቹ ተቸገሩ፤ ሰማይ ላይ ያለ ሰው መቼ እንደሚገባ በምን ይታወቃል?

ጋሽ ይገዙ ያውቃል።

«ጋሽ ይገዙ፣ ጅማ ስንት ሰዓት ነው?» ትላለች ዘይነባ፣ አንድ እጇ ላይ መጥረጊያ፣ አንድ እጇ ላይ የስኳር ፌስታል ይዛ። ወንድሟ ጀይሉ ጠዋት ወደ ጅማ በርሯል።

«ስንት ሰዓት ላይ ተነሳ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል ብለውናል።»

ጋሽ ይገዙ የቀበሌው ሱቅ ሚዛን ያዥ ነው። ሚዛኑን ትቶ ወደ በሩ ይወጣል፤ ሰማዩን ከግራ ወደ ቀኝ ያየዋል። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አብሮት ያንጋጥጣል።

«አንድ ሰዓት ከአምስት። ዳመና ስላለ አሥር ደቂቃ ጨምሪ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ጥረጊ።»

ዘይነባ መርቃው ትሄዳለች። ከሦስት ሰዓት ከሩብ በፊት ያ መጥረጊያ መሬት አይነካም።

ይህን እውቀት ያመጣው ከልደታ ነው። የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ በነበረ ጊዜ፣ ከጦር ኃይሎች ብዙም ሳይርቅ፣ ጋሽ ይገዙ አሥራ አምስት ዓመት ጭነት ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሯል። አሥራ አምስት ዓመት አውሮፕላን ጭኖ አንድ ቀን ተጭኖበት አያውቅም። የሬዲዮ ክፍሉ መስኮት ከመጋዘኑ ጎን ነበረች። ዳኮታ የሚሏት ባለፕሮፔለር አውሮፕላን ተነስታ ከሄደች በኋላ የሬዲዮው ሰው አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ «አሥመራ ገባች!» ሲል፣ ጋሽ ይገዙ ሰዓት ይጠይቅና በልቡ ይይዛል። አሥመራ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ድሬዳዋ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ። «ገባች» የምትለዋን ቃል እንደ ምሥራች ይወዳት ነበር፤ እሷን ሳይሰማ ምሳው አይዋጥለትም። ማረፊያው ወደ ቦሌ ሲዛወር ወገቡ እምቢ አለውና ሥራውን ተወ። ሰዓቶቹ ግን አብረውት ኮልፌ ገቡ።

አንድ እንከን ብቻ ነበረው። ሰዓቶቹ የዳኮታ ሰዓቶች ናቸው። ልብስ ሰፊው ሽኩር ይህን ያውቃልና ነገር ሲያምረው ከመኪናው ቀና ብሎ ይነካካዋል።

«ጋሽ ይገዙ፣ ዛሬ እኮ ጄት ነው። አሥመራ በአንድ ሰዓት ገደማ ይገባል።»

«ሰማዩ አላጠረም» ይላል ጋሽ ይገዙ ተቆጥቶ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም? አንድ ሰዓት ተርፎ ቤት ባይጠረግ የሞተ የለም። አንድ ሰዓት ጎድሎ ቢጠረግስ? አንተ ትጠየቅበታለህ?»

ሽኩር አይጠየቅበትም። ሠፈሩ በዳኮታ ሰዓት መጥረጉን ቀጠለ። የጋሽ ይገዙ ባለቤት በላይነሽ ብቻ ናት አንዳንዴ «እሱ ራሱ ጦር ኃይሎች ለመድረስ የአሥመራን ሰዓት ይፈጃል» እያለች የምትስቅበት።

ድንቅነሽ ግን መጥረጊያ ይዛ መጥታ አታውቅም። ቤቷ ከጋሽ ይገዙ ሦስተኛው አጥር ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለሰው በርበሬ እየቀነጠሰች ትኖራለች። ስኳሯን ተቀብላ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ትልና፣ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን አይታ፣ «ጅቡቲስ?» ትላለች።

ጋሽ ይገዙ ለጅቡቲም ሰዓት አለው፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ግን አይናገርም። የሚዛኑን ብረት ያነሳል፣ ያስቀምጣል። አንድ ቀን በጣም ጨንቆት «ድንቄ፣ እኔ በእግሩ ለሄደ ሰው ሰዓት የለኝም» አላት። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ይጸጸትባታል።

በእግሩ የሄደው አንድ ልጇ በዛብህ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ የክፍል ጓደኞቹ አንድ በአንድ እየተወሰዱ ባልተመለሱበት ሰሞን፣ አንድ የክረምት ማለዳ ከበሩ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ጫማውን አሰረ። ጫማው ላይ የደረቀው ጭቃ እየተፈረፈረ መሬቱ ላይ ረገፈ። «ድሬዳዋ ደርሼ እመጣለሁ፣ እማዬ» አለ። ከዓመት በኋላ ከድሬዳዋ ሻሽ እያመጣች የምትነግደው ዙሀራ፣ ከደወሌ ወዲያ ወደ ጅቡቲ ሲሻገር ያየው ሰው አለ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም። በሕይወት ካለ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ለእናቱ ጦስ እንደሚሆን ያውቃል። ከሞተም ደብዳቤ አይጽፍም። ድንቅነሽ ስድስት ዓመት የኖረችው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ቤቷን አትጠርግም ማለት አይደለም። እንዲያውም በዚያ መንደር እንደ እሷ ቤት ንጹሕ የለም። ከበሩ ጀርባ ያለችውን ስንዝር ተኩል መሬት ብቻ፣ የጫማው ጭቃ የረገፈባትን፣ ቀዳዳ ሳህን ደፍታባት በዙሪያዋ ትጠርጋለች።

በዛብህ ለጋሽ ይገዙም ልጁ ነው ማለት ይቻላል። ልጅ ሳለ፣ እስከ ሰባት ዓመቱ፣ «ረ» አፉ ላይ አይወጣለትም ነበር። «ጋሽ ይገዙ፣ እማዬ መጥየጊያ አውሱኝ ብላለች» ሲል የሰማ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ድንቅነሽም ልታጫውተው መጥረጊያውን ይዛ ትቆምና «ልጥረግ ወይስ ልተወው?» ትለዋለች። እሱ እንደ አለቃ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ጥየጊ!» ብሎ ያዛታል። ስታድግ ይለቅሃል ተባለ፤ ትምህርት ቤት ሲገባም ለቀቀው።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከተማው ሁሉ ይጽዳ ተባለ። አጥር ተቀባ፣ ቦይ ተጠረገ፤ በመጨረሻ ነገሩ ወደ ቤት ውስጥ ገባ። ቀበሌው በየመንደሩ ሁለት ሁለት ሰው መደበ፤ የጸዳ ቤት በሩ ላይ በጠመኔ «ተጠርጓል» ይጻፍበታል። በጋሽ ይገዙ መንደር የተመደቡት ጓድ ረሻድና ራሱ ጋሽ ይገዙ ናቸው። ረሻድ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፤ መዝገብ ከሰጡት ግን መዝገቡን ከልቡ የሚወድ ዓይነት ነው። ጠመኔው የተሰጠው ለጋሽ ይገዙ ነበር፤ ጽሕፈቱ ጥሩ ነውና።

ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ቀን ድንቅነሽ ቤት ገቡ። ረሻድ ዙሪያውን አየና ተደነቀ። ሊወጣ ሲል እግሩ ሳህኑን መታው፤ ሳህኑ ተገለበጠ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አፈር ነው ልጄ።»

«ቤቱ እንዲህ ጸድቶ ይሄ ለምን ቀረ?»

ለድንቅነሽ ስለ ልጇ ማውራት የት ሄደ፣ ማን አሻገረው፣ ማን ነገረሽ የሚል ጥያቄ ይጎትታል። ጋሽ ይገዙ መሃል ገባ።

«ሳታየው ቀርታ ነው፣ ጓድ ረሻድ። ትጠርገዋለች።»

«ጳጉሜ ሁለት የመጨረሻው ምርመራ ነው» አለ ረሻድ መዝገቡን እየገለጠ። «ያን ቀን ካልተጠረገ ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ። ከዚያ የሚጠይቁት ሌሎች ናቸው።»

ረሻድ ቀድሞ ወጣ። ድንቅነሽ ሳህኑን አንስታ ቀስ ብላ መልሳ ደፋችው።

«ጥረጊው፣ ድንቄ» አለ ጋሽ ይገዙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አፈር እኮ ነው። እነሱ ከሚመጡብሽ…»

«ጋሽ ይገዙ፣ እርስዎ ለሠፈሩ ሁሉ ሰዓት ይነግራሉ» አለች፣ ሳትቆጣ። «ገባ በሉኝ። አንዲት ቃል፣ ገባ በሉኝና አሁን ፊትዎ እጠርገዋለሁ።»

ሊላት ይችል ነበር። ገባ ማለት ምን ይከብዳል? አፉ ላይም ደርሳ ነበር። ግን አሥራ አምስት ዓመት ያቺን ቃል ከሬዲዮው መስኮት ሳይሰማ ተናግሯት አያውቅምና ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

በማግስቱ ከጦር ኃይሎች አውቶቡስ ተሳፍሮ ቦሌ ወረደ። ልደታ አብሮት ሲጭን ጎረምሳ የነበረው ገመቹ አሁንም እዚያ ጭነት ላይ ነው። በምሳ ሰዓት በሩ ላይ አገኘው።

«ጋሽ ይገዙ! ወገብዎ ዳነ እንዴ? ሥራ ፈልገው ነው?»

«በጠመኔ አሁንም ይጻፋል ወይ?» አለው ጋሽ ይገዙ።

በልደታ ዘመን ጫኞች ደብዳቤ አይጻጻፉም ነበር፤ ሳጥን ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። «ዝናብ አለ ወይ?» ተብሎ ወደ ጎሬ የሄደ ሳጥን «አለ፣ ቡናው ረጥቧል» ተብሎበት ይመለሳል። አለቆቹ የጭነት ምልክት ይመስላቸው ነበር። በዚያ መንገድ ሰላምታ ተልኳል፣ ሙሾም ተልኳል፤ አንድ ሰው እንዲያውም ሚስት አግብቶበታል።

ገመቹ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። «ጅቡቲ የሚሄድ የቲማቲም ሳጥን አለ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ። ባዶው ይመለሳል። እዚያ የሚያወርዱት ግማሾቹ የኛው ልጆች ናቸው። ግን ዛሬ ጊዜው ሌላ ነው፤ የሰው ስም ከጻፍኩ…»

«የልጁን ስም አትጽፍም። ይሄን ብቻ ጻፍ፤ ‹የኮልፌዋ ድንቅነሽ ቤት ትጥረግ ወይ?›»

ገመቹ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። የእሱም እናት እሱ መንገድ በሄደ ቁጥር መጥረጊያዋን ጣራ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ጠመኔውን ከኪሱ አወጣና እጁ ላይ አገላበጠው።

ጋሽ ይገዙ ለድንቅነሽ አልነገራትም። በላይነሽን ብቻ አማከረ፤ እሷም «ዝም በል፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ይከፋል» አለችው። አውሮፕላን በላዩ ባለፈ ቁጥር ሚዛኑን ያሳስተው ጀመር። አንድ ቀን ለዘይነባ የአንድ ኪሎ ስኳር በሁለት ኪሎ ብረት መዝኖላት፣ ሴትዮዋ ደንግጣ መለሰችለት።

በስምንተኛው ቀን ሳጥኑ ተጽፎበት መጣ። ገመቹ በሩቅ ሲያየው እጁን አወዛወዘ፤ ጋሽ ይገዙ ወገቡን ረስቶ ሮጠ። ጽሑፉ ግን እንዲህ ይላል፤ «ስለ ድንቅነሽ እየጠየቅን ነው። የመርካቶዋ አበበችም ትጥረግ፣ ከምንጣፍ ተራ። ገብቻለሁ።»

የሌላ ሴት ልጅ ነው። ገመቹ የዚያኑ ቀን ከሥራ ሲወጣ ምንጣፍ ተራ ሄዶ አበበች የሚሏትን ሴት ፈልጎ ነገራት፤ ሴትዮዋ እጁን ይዛ አልለቅም ብላው መሽቶበት ገባ። ጋሽ ይገዙ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ደስ ያለው ግን በግማሽ ልቡ ነው፤ ግማሹ ቀንቷል፤ በቅናቱም አፈረ።

ጳጉሜ አንድ ቀን፣ ምርመራው ነገ ሆኖ፣ ገመቹ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ የሳጥን ጣውላ ይዞ ጠበቀው። ፊቱ ደስታ አልነበረበትም።

«ጋሽ ይገዙ፣ መልስ ነው ብዬ ነቅዬ አመጣሁት እንጂ አንዱ መሃይም የጻፈው ነው። ፊደሉ ልክ አይደለም። እኔ በጠመኔ ላስተካክለው ነበር፤ ከዚያ ልተወው ብዬ…»

ጋሽ ይገዙ ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ አየ። ከሥር የእነሱ ጥያቄ ደብዝዟል። ከላይ ሦስት ፊደል ብቻ ተጽፏል፤ «ጥየጊ»። እሱም ልቡ ወረደ። ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ የሚያሾፍ ሰውም ሊሆን ይችላል። ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተና አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሜክሲኮ አደባባይ ሲደርሱ እንደገና ገለጠው። ዓይኑ ደከም ያለ ስለሆነ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ልማዱ ነው። ሦስቱን ፊደላት እያንሾካሾከ አነበባቸው። ያን ጊዜ ዓይኑ ስህተት ያየበትን ጆሮው ሰማው። እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ፣ ጥርሱ የወለቀ፣ እናቱን የሚያዝ አንድ ልጅ ሰማ። ጋሽ ይገዙ አውቶቡስ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ጣውላውን አቅፎ አለቀሰ። ጎኑ የተቀመጠች ሴት ሰው የሞተበት መስሏት «አይዞዎት አባቴ» አለችው። «የለም እቱ፣ ገባ ነው» አላት። አልገባትም፤ ቢሆንም እንኳን ደስ ያለዎት አለች።

ድንቅነሽ በርበሬዋን ዘርግታ ትቀነጥስ ነበር። ጣውላውን ጭኗ ላይ አኖረላትና አጠገቧ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ሊነግራት አልፈለገም። መሠረተ ትምህርት ተምራ ሠርተፊኬት ያላት ሴት ናት፤ ራሷ ታንብበው አለ በልቡ።

ከሥር ጀመረች፣ በጣቷ እየተከተለች። «የኮል…ፌዋ ድንቅ…ነሽ ቤት…» ቀና ብላ አየችው። እሱ ሳያናግራት በአገጩ ወደ ላይኛው ጽሑፍ አመለከታት።

«ጥ» አለች። «የ። ጊ።»

ከዚያ ፊደሎቹን ሳትለያይ አንዴ ደገመችው።  በርበሬ የነካ እጇን ወደ ዓይኗ ልትወስድ ስትል ጋሽ ይገዙ ያዛት።

«ተይ፣ ያቃጥልሻል።»

«ይቃጠል» አለች። «ይቃጠል እንጂ ጋሽ ይገዙ! ምነው፣ ተናግሯል እኮ። ራሱ ነው የተናገረው።»

ጣውላውን ወደ ብርሃኑ አዙራ እንደገና አነበበችው። በመጨረሻ፣ ዛሬ ሰው ይኑር አይኑር ዞር ብላ ሳታይ፣ ያንን የድሮ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«ጅቡቲ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ከሩብ» አለ ጋሽ ይገዙ። ወዲያው ግን ሁለት ሰዓት ከሩብ በዛበት። እስከ ዛሬ ሽኩርን የተከራከረበትን፣ ሠፈሩን ሁሉ ያስጠበቀበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጣለው። «አይ፣ እሱ የዳኮታ ነው። በጄት አንድ ሰዓት አካባቢ ነው።»

«ያን ያህል ቅርብ ነው?»

«ያን ያህል ቅርብ ነው፣ ድንቄ።»

ተነስታ እጇን ታጠበች። ሳህኑን አነሳች። ስድስት ዓመት የተቀመጠው ጭቃ አመድ መስሏል። ጋሽ ይገዙ ላግዝሽ ቢላት አልሰማችውም፤ ጎንበስ ብላ ከበሩ ጀርባ ጀምራ፣ ቀስ እያለች፣ በደጃፉ በኩል ወደ ውጭ ጠረገችው።

በማግስቱ ረሻድ መዝገቡን ይዞ መጣ። ከበሩ ጀርባ አጎንብሶ አየ፤ ተደስቶ ምልክት አደረገ።

«በጣም ጥሩ ነው እማማ። አባባ፣ ይጻፉላቸው።»

ጋሽ ይገዙ ጠመኔውን አውጥቶ በሩ ላይ በዚያ በሚያምረው እጁ ጻፈ። «ተጠይጓል።»

«አባባ፣ ፊደል ሳቱ እኮ» አለ ረሻድ ሳቅ ብሎ። «‹ር› ነው። ቆይ እኔ…» ብሎ ሊያጠፋው እጅጌውን ሰበሰበ።

ድንቅነሽ እጁን ያዘችው።

«ተወው ልጄ» አለችው። «ልክ ነው።»